«አንድ ቼክ ቫልቭ ይበቃል ወይ?» ከመንገዱ መስመር ጋር በቀጥታ ስለተገናኘ የሕንፃ ውሃ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የጂ+3 የኪራይ ሕንፃ አለኝ። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣልናል። ግቢው ውስጥ የተቀበረ 10,000 ሊትር የሚይዝ የኮንክሪት ታንከር አለ፤ ከዚያ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳሉት ሁለት ሮቶዎች ይወጣና ለየቤቱ ይወርዳል። የመንገዱ ውሃ ባለበት ሰዓት መብራት እንዳይባክን ብለን፣ ከቆጣሪው የሚመጣውን መስመር ከሮቶው ከሚወርደው ቧንቧ ጋር በአንድ ቫልቭ አገናኝተነዋል። በዚህ ክረምት ግን ፈረቃው ሲመጣ የመጀመሪያው ውሃ ቡናማና ሽታ ያለው ሆነ፤ የሁለት ተከራዮች ልጆችም ተቅማጥ ያዛቸው። የቧንቧ ሠራተኛችን ከቆጣሪው ቀጥሎ አንድ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ) ከተገጠመ ችግሩ ያበቃል ይላል። ይበቃል ወይ? ምድር ላይ አንድ ፀጉር ቤት፣ በር ላይ ደግሞ አንድ ላቫጆ እንዳለም ልንገርዎ።»

አጭሩን መልስ ላስቀድም፤ አይበቃም። ቼክ ቫልቭ መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም፤ ከእርስዎ ችግር ጋር ስለማይገናኝ ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ የሚገጠም ቼክ ቫልቭ ውሃ ከግቢዎ ወጥቶ ወደ መንገዱ እንዳይመለስ ለመከልከል ይሞክራል፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ጎረቤትዎን ነው። ከመንገዱ ቆሽሾ የሚመጣውን ውሃ ግን በሩን ከፍቶ ያስገባዋል፤ ሥራውም ውሃ ሲገባ መክፈት ነውና። ከላቫጆው በርሜል ወደ ተከራይዎ ወጥ ቤት በውስጥ መስመር የሚሄደውን ደግሞ አያየውም፤ ምክንያቱም ያ ውሃ በቆጣሪው በኩል አያልፍም። ውሃው የሚቆሽሽባቸው መንገዶች ብዙ ሆነው ሳለ፣ ቫልቩ የሚቆመው በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ ቢሆን የሚታመን ዘበኛ አይደለም።

ይህን ለመረዳት በቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ለምን ወደ ኋላ እንደሚመለስ ማወቅ ያስፈልጋል። ውሃ አቅጣጫ የለውም፤ ግፊቱ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል እንጂ። ወደ ኋላ የሚመለሰውም በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ ከግቢው በኩል ያለው ግፊት ከመንገዱ ሲበልጥ ይገፋል፣ ወይ የመንገዱ መስመር ባዶ ሆኖ ሲስብ ይመጠጣል። እርስዎ ጋ ሁለቱም አሉ።

ከመገፋቱ ልጀምር። የጂ+3 ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ በብረት ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከመሬት 15 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 10 ሜትር የቆመ ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ ሮቶዎ ምድር ላይ ባለው ቧንቧ ላይ ሌትና ቀን 1.5 ባር ያህል ይጫናል። እናንተ ሰፈር በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ሲጀምርም ሆነ ሲያበቃ ግፊቱ ከዚህ በታች የሚሆንበት ሰዓት አለ፤ ፈረቃው ባልሆነባቸው ቀናት ደግሞ ዜሮ ነው። ስለዚህ ያ በቀጥታ ያገናኛችሁበት ቫልቭ ክፍት ሆኖ ካደረ፣ ወይም ተዘግቶ ከውስጥ ትንሽ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የሮቶው ውሃ በቆጣሪው በኩል ወጥቶ ወደ መንገዱ መስመር ይፈስሳል። ፓምፕም፣ ጥፋተኛም አያስፈልግም፤ ከፍታው ብቻ ይበቃል።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ወደ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ተጠርቼ ነበር። ባለቤቱ ሮቶው በየሌሊቱ እየጎደለ ስላስቸገራቸው ውሃ የሚሸጥብኝ ዘበኛው ነው ብለው ሰውዬውን ሊያሰናብቱ ነበር። በማግስቱ ፈረቃው ሲቋረጥ ጠብቀን ቆጣሪውን በባትሪ ብርሃን ስናየው መርፌው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ውሃው የሚሄደው ወደ ታችኛው ሰፈር ነበር፤ ዘበኛውም ሥራው ላይ ቀረ። እርስዎም ቆጣሪዎ የድሮው ዓይነት ባለ ጥርስ ከሆነ ይህን ዓይነት ምልክት ይሰጥዎታልና ውሃ በሌለበት ሌሊት አንድ ጊዜ ቁጥሩን ጽፈው ጠዋት ያመሳክሩት።

መመጠጡ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የሚስበው ንጹሕ የሮቶ ውሃ ሳይሆን ከቧንቧ ጋር የተነካካውን ሁሉ ነው። በተራራ ላይ ባለች ከተማ ዋናው መስመር ሲዘጋ፣ በታችኛው ሰፈር ያሉ ሰዎች ቧንቧቸውን ከፍተው የቀረውን ሲጠቀሙ ከላይ ያለው ቧንቧ ውስጥ ከከባቢ አየር በታች የሆነ ግፊት ይፈጠራል። ሰው ለስላሳ በስትሮ ሲጠጣ የሚሆነው ዓይነት ነው፤ ቧንቧው አፉን ያገኘበትን ሁሉ ይጠጣል። የላቫጆው ጎማ ጫፉ የሳሙና በርሜል ውስጥ ተዘፍቆ ከተገኘ የበርሜሉን ውሃ ይጠጣል፤ የፀጉር ቤቱ የእጅ ሻወር የራስ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ፣ ቀለምና ማለስለሻ በያዘ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ እሱን ይጠጣል፤ ሻታፍ የሚባለው የመጸዳጃ ቤት የእጅ ሻወር ቁልፉ ሳይዘጋ መቀመጫው ውስጥ ወድቆ ከሆነም የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት ውሃን እስከ 10 ሜትር ድረስ ሊያነሣ ሲችል፣ 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ይህ ወደ 8 ሜትር ዝቅ ይላል። ያም ሆኖ ከምድር ወለል እስከ ሁለተኛው ፎቅ ለመድረስ ይበቃል።

በሰፈርዎ አንድ ሰው ብቻ ፓምፑን (ብዙው ሰው ዲናሞ የሚለውን) በቀጥታ ከመንገዱ ቧንቧ ላይ ገጥሞ ውሃ የሚስብ ከሆነ ይህ ሁሉ ይባባሳል። እንዲህ ያለ ፓምፕ በቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ወደ ታች ስለሚጎትተው የጎረቤቶቹን መስመር ጭምር ያስመጥጣል፤ በመሬት ውስጥ ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለም ዙሪያውን ያለውን እርጥበት፣ ከዚያም አልፎ የፍሳሽ ውሃ ካለ እሱኑ ይስባል። እርስዎ ፓምፑን ከተቀበረው ታንከር እንጂ ከመንገዱ ባለመሳብዎ በዚህ በኩል ትክክል ነዎት።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ስጋት እንዳይመስልዎ ሁለት የታወቁ ክስተቶችን ልጥቀስ፤ ሁለቱንም የመረጥኩት የእርስዎን ግቢ ስለሚመስሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉስተር ከተማ በሚገኘው ሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን (የአሜሪካኑ ዓይነት) ልምምድ በሚያደርግበት ወቅት በአካባቢው እሳት ተነሥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙ ውሃ ሲቀዱ የመስመሩ ግፊት ወረደ። ሜዳውን ለማጠጣት የተቀበሩት መርጫዎች ዙሪያ የተጠራቀመው የረከሰ ውሃ ወደ መጠጥ ቧንቧው ተመጠጠ። ተጋልጠው ከነበሩት 97 የቡድኑ ሰዎች 90ው በጉበት ልክፍት (ሄፓታይተስ) ተያዙ፤ ቡድኑም ሁለት ጨዋታ ብቻ አድርጎ የዓመቱን ውድድር አቋረጠ። እዚያ ጥፋት የሠራ ሰው አልነበረም፤ አንድ መርጫ ውሃ ውስጥ ተቀብሮ ነበር፣ አንድ ቀን ደግሞ የመስመሩ ግፊት ወደቀ፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ በቂ ሆነ። የእርስዎ ሰፈር ግን ግፊቱ የሚወድቀው አንድ ቀን ሳይሆን በሳምንት ብዙ ቀን ነው።

ሁለተኛው በፊንላንድ፣ ስልኩን ለዓለም ያስተዋወቀው ኩባንያ ስሙን በወሰደባት በኖኪያ ከተማ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2007 መጨረሻ ላይ በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ውስጥ የመጠጥ ውሃውን መስመር ከተጣራው ፍሳሽ መስመር ጋር የሚያገናኝ አንድ ቧንቧ ነበር፤ በመካከሉም ቫልቭ ነበረው። በጥገና ጊዜ ያ ቫልቭ ተከፈተና 450 ሜትር ኩብ ያህል የፍሳሽ ውሃ ወደ ከተማው መጠጥ ውሃ ገባ። 30,000 ያህል ሕዝብ ካለባት ከተማ ከ8,000 በላይ ሰው ታመመ። ይህ የሆነው በዓለም በንጽሕናዋ ከምትታወቅ አገር፣ በባለሙያ በሚመራ ጣቢያ ውስጥ ነው። «ቫልቩ ሁልጊዜ ዝግ ነው፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው» የሚለኝን የሕንፃ ባለቤት ሁሉ የምነግረው ይህንን ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ቡናማው ውሃ እንመለስ። ቡናማነቱ ብቻውን የግድ የብክለት ምልክት አይደለም። ለቀናት ባዶ የቆየ ብረት ቧንቧ ዝገቱን፣ በታችኛው በኩል የተኛውንም ደለል ውሃው ሲመጣ እየገፋ ያመጣዋል፤ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠራል። ሽታው ግን ሌላ ነገር ነው። ዝገት ብረት ብረት ይላል እንጂ የሽንት ቤት ሽታ የለውም። በክረምት መባባሱ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ያመለክታል፦ ወይ መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አግኝቶ ውሃው በሌለበት ሰዓት ረግረጉ እየገባበት ነው፣ ወይ ደግሞ የተቀበረው የኮንክሪት ታንከርዎ ራሱ ተሰንጥቆ የክረምቱ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ውስጥ እየሰረገ ነው። ሁለተኛውን ቀድመው ያጣሩ፤ ሴፕቲክ ታንከሩ ከዚህ ታንከር ምን ያህል እንደሚርቅም ይለኩ። ልየታው ቀላል ነው፦ ፈረቃው ሲመጣ ከቆጣሪው አጠገብ ካለ ቧንቧ በንጹሕ ብርጭቆ ይቅዱ፣ ከታንከሩ ሌላ ብርጭቆ፣ ከሮቶው ሌላ ብርጭቆ፤ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይሽቱአቸው። ከቆጣሪው የተቀዳው ደህና ሆኖ የታንከሩ የሚሸት ከሆነ ጉዳዩ ከመንገዱ ሳይሆን ከግቢዎ ነው። ከቆጣሪው ራሱ የሚሸት ከሆነ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሳይዘገዩ ያመልክቱ፤ ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር የመጠገን ሥልጣኑም ግዴታውም የእነሱ ነው፣ እርስዎ አይንኩት።

መፍትሔው ከቀላሉ ይጀምራል፤ ዋናውም እሱ ነው። ሮቶውንና የመንገዱን መስመር የሚያገናኘውን ያንን ቧንቧ ያስቆርጡ። ቫልቩን ይዝጉ ማለቴ አይደለም፤ ቧንቧው መካከል አየር እንዲታይ አድርገው ያንሡት። ይህን ያደረጋችሁት ለመብራት ቁጠባ ከሆነ ሒሳቡን አብረን እንሥራ፦ 10,000 ሊትር ውሃ ከተቀበረ ታንከር እስከ ጣሪያው 17 ሜትር ያህል ለማንሣት፣ ትንሽ ፓምፕ ከሚወስደው መብራት ሲሶውን ያህል ብቻ ለሥራ ቢያውል እንኳ የሚፈጀው አንድ ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ይኸውም ለመላው ሕንፃ፣ ለአንድ ሙሉ ታንከር ነው። ይህ ቁጠባ ለሕፃን ሕክምና ከሚወጣው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። «መብራት ሲጠፋ ግን ውሃ ከመንገዱ በቀጥታ እንፈልጋለን» ካሉ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ግቢው ውስጥ አንድ ብቻውን የቆመ ቧንቧ ይኑርዎት፤ ከሕንፃው የውስጥ መስመር ጋር በምንም መንገድ አይገናኝ። ለፈረቃው የመጀመሪያ ደቂቃዎችም ያው ቧንቧ ይጠቅማል፤ ቡናማው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ወደ አትክልቱ ወይም ወደ ጎርፍ መውረጃው ይልቀቁት፣ ከጠራ በኋላ ብቻ ወደ ታንከሩ የሚገባውን ቫልቭ ይክፈቱ። ሌሊት ስለሚሆን አሰልቺ ነው፤ ዘበኛውን ያስለምዱት።

ቀጥሎ የታንከሩ መግቢያ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሙያ ውስጥ ካለው መሣሪያ ሁሉ የበለጠ አስተማማኙ፣ ዋጋው ግን ምንም የሆነው እዚህ ነው ያለው። እርሱም አየር ነው። ውሃው ከቧንቧው አፍ ወጥቶ በአየር ውስጥ ወድቆ ታንከሩ ውስጥ ከገባ፣ መንገዱ የፈለገውን ያህል ቢመጥ የሚያገኘው አየር ብቻ ይሆናል። የሚሰበር ምንጭ ወይም የሚያልቅ ጎማ የለውም፣ በአሸዋም አይደፈንም። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከቧንቧው አፍ እስከ ታንከሩ የመጨረሻ የውሃ ከፍታ ድረስ ያለው ክፍተት ከቧንቧው ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ቢያንስ ግን 25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የእርስዎ መግቢያ አንድ ኢንች ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። «የመጨረሻ ከፍታ» የምለው ፍሎተሩ (ታንከሩ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) የሚዘጋበትን አይደለም፤ ፍሎተር ይበላሻልና። ውሃው ከትርፍ መውጫው በኩል እየፈሰሰ እያለ የሚደርስበትን ከፍታ ነው። ስለዚህ የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው ቧንቧ ሰፋ ያለ፣ ከአፉም በታች የተቀመጠ፣ ጫፉ ላይ ወፍና ነፍሳት የማያስገባ ወንፊት ያለው፣ ከፍሳሽ መስመር ጋርም በቀጥታ ያልተገናኘ መሆን አለበት።

አሁን ታንከሩን ከፍተው ይመልከቱ። የመግቢያው ቧንቧ ወርዶ እስከ ታንከሩ ወለል ድረስ ደርሶ ቢያገኙት አይደንቀኝም፤ ብዙ ቦታ እንዲህ ይገጠማል፣ የውሃው ድምፅ ተከራይ እንዳይቀሰቅስ ተብሎ። ይህ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ ለመንገዱ የተዘጋጀ ብርጭቆ ያደርገዋል፤ ዋናው መስመር በሳበ ጊዜ የ10,000 ሊትሩ ውሃ፣ ከሥሩ የተኛው ደለል ጭምር፣ ወደ ሰፈሩ ሁሉ ሊሄድ ይችላል። አንዳንድ ሠራተኞች ቧንቧውን ከላይ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይበሱለትና «አየር ይገባል፣ አይመጥም» ይላሉ፤ ቀዳዳው በዝገትና በኖራ ሲደፈን ግን ማንም አያየውም። ያንን የወረደ ቧንቧ ከላይ በኩል ይቁረጡት። ድምፁ ከከበደዎ ውሃው በታንከሩ ግድግዳ ላይ እንዲወርድ በኤልቦ (በክርን መጋጠሚያ) ማዞር፣ ወይም ከሥሩ ጠፍጣፋ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል። የሮቶዎቹንም መግቢያ በዚሁ ዓይን ይመልከቱ።

ላቫጆውን ከሕንፃው መስመር ለዩ። ይህንን በግልጽ የምለው የላቫጆ ሠራተኞችን ጠልቼ አይደለም፤ የሚጠቀሙበት ሳሙና፣ ዘይትና የተጠራቀመ እጣቢ ለመጠጥ መስመር ካሉት አደጋዎች ከፍተኛው ክፍል ውስጥ ስለሚመደብ ነው። በአውሮፓ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው መለኪያ (ኢኤን 1717 ይባላል) ውሃ እንደ አደገኛነቱ በአምስት ደረጃ ይከፈላል፤ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ላለው መከላከያ ሆኖ የሚቀበለው በዋናነት የአየር ክፍተትን ነው፣ ቫልቭን አይደለም። ስለዚህ ላቫጆው የራሱ ትንሽ ሮቶ ይኑረው፤ ከላይ በአየር ክፍተት ይሙላ፤ የሚረጭበት ፓምፕ ከዚያ ሮቶ ይሳብ። በቀጥታ ከቧንቧው ላይ የከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ማሽን የሚገጥሙ አሉ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ሳሙናውን ከተከራዮችዎ መስመር ጋር የሚያገናኝ መግፊያ ይሆናል። ውሉን ሲያድሱ ይህን በጽሑፍ ያስገቡት።

የፀጉር ቤቱና የመጸዳጃ ቤቶቹ ጉዳይ በሌላ መንገድ ይፈታል። ጎማ የሚገጠምባቸው ቧንቧዎች ሁሉ ላይ ሊገጠም የሚችል ትንሽ የፀረ መመጠጥ ዕቃ አለ፤ ውሃው ሲቋረጥ ክዳኑ ተከፍቶ አየር ያስገባና መመጠጡን ይሰብራል። በገበያችን ሁልጊዜ ባይገኝም ከውጭ የሚመጡ ሰዎች በኪሳቸው ሊያመጡት የሚችሉ ዕቃ ነው። ሲገጠም ከሚያጠጣው ከፍተኛ ጫፍ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ የሚዘጋ ቫልቭ መኖር የለበትም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ግፊት ውስጥ ከቆየ ክዳኑ ተጣብቆ በሚያስፈልግበት ቀን አይከፈትም። ይህ ማለት ጫፉ ላይ መዝጊያ ያለበት ሻታፍ፣ ወይም ተንጠልጥሎ በአውራ ጣት የሚዘጋ የፀጉር ቤት ሻወር በዚህ ዕቃ ብቻ አይጠበቅም ማለት ነው። ለእነሱ የሚሻለው የግድግዳው ቁልፍ ሁልጊዜ ከአገልግሎት በኋላ እንዲዘጋ ማድረግና፣ የጎማው ርዝመት እቃው ሲንጠለጠል ጫፉ ገንዳው ጠርዝ ላይ እንዳይደርስ ተደርጎ እንዲቆረጥ ማድረግ ነው። ይህ የመጨረሻው፣ የመቁረጫ ዋጋ ብቻ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከቫልቭ ይሻላል።

ቼክ ቫልቩስ? ከላይ ያሉትን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ይግጠሙት፤ ጉዳት የለውም። ለምን ብቻውን እንደማይታመን ግን ይወቁት። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ አሸዋና ዝገት ይዞ ይመጣል፤ ከክዳኑና ከመቀመጫው መካከል የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠጠር ብትገባ ቫልቩ አይዘጋም፣ እርስዎም በምንም ምልክት አያውቁም። ሁለት ቼክ ቫልቭ በተከታታይ ሆነው፣ መፈተሻ ቀዳዳ ያላቸው ይሻላሉ፤ በየዓመቱ በመለኪያ ከተፈተሹ ማለቴ ነው። ሆስፒታሎችና ፋብሪካዎች የሚገጥሙት ከዚህ የተለየ መሣሪያ አለ፦ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ያለው ክፍል ግፊቱ ከመግቢያው በ14 ኪሎ ፓስካል (0.14 ባር) ያህል ካላነሰ መሐል ላይ ያለው በር ተከፍቶ ውሃውን ወደ ውጭ ይደፋዋል፤ ስለዚህ ሲበላሽ ውሃ ሲፈስ ያያሉ፣ ተደብቆ አይበላሽም። ለእርስዎ ሕንፃ ይህ አያስፈልግም፤ የአየር ክፍተቱ ይበልጠዋል። ምናልባት የሚያውቁት ሰው ለክሊኒክ ቢገዛው ግን ቆጣሪ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገጥመው ይንገሩት፤ ክረምት ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ ያ የሚደፋው በር ራሱ የጎርፍ መግቢያ ይሆናል።

ሥራው ተሠርቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ የሚከተለውን ያድርጉ፤ መሣሪያ አይፈልግም። ፈረቃ በሌለበት ቀን፣ ሮቶዎቹ ሙሉ ሆነው፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ይዝጉ። ከዚያ በቀጥታ ከመንገዱ ብቻ ውሃ ይሰጣል የሚባለውን የግቢውን ቧንቧ ይክፈቱ። በመስመሩ ውስጥ የቀረው ትንሽ ውሃ ይፈስሳል፣ ከዚያ ሊቆም ይገባዋል። ሳይቆም ከቀጠለ ውሃው የሚመጣው ከሮቶዎ ነው፤ የሆነ ቦታ ያላወቁት መጋጠሚያ አለ ማለት ነው። ይህን ሳደርግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰው የረሳው ነገር ነው፤ የሶላር ማሞቂያ ሲገጠም የተሠራ አቋራጭ፣ ወይም አንድ ተከራይ ሳያስፈቅድ ያስገባው «ቲ» (መስመር ለሁለት የሚከፍል መጋጠሚያ)።

ከዚያ ታንከሩና ሮቶዎቹ ይታጠባሉ። ደለሉ ከወጣና ግድግዳው ከተፈገፈገ በኋላ በንጹሕ ውሃ ሞልተው፣ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ የሆነ በረኪና ለየ1,000 ሊትሩ 1 ሊትር ይጨምሩ፤ ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። በየቤቱ ያለው ቧንቧ ሁሉ የክሎሪን ሽታ እስኪያወጣ ይከፈት፣ ይዘጋ፣ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ሙሉውን ወደ ፍሳሽ ይለቀቅ፣ ወደ አትክልት አይሂድ፤ ሌሊቱን ማንም እንዳይጠጣና እንዳያበስል ለተከራዮቹ በደጃቸው ላይ ይለጠፍላቸው። የተቀበረ ታንከር ውስጥ ሰው ብቻውን አይግባ፤ አየሩ ሊያንስ ይችላልና ከላይ የሚያይ ሰው፣ ወገቡ ላይ ገመድ ይኑር። በረኪናና የመጸዳጃ ቤት አሲድ ደግሞ አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ከዚያ በኋላ ከሮቶው በሚወርደው ውሃ ውስጥ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን መኖሩን ይህን ያህል ዝቅተኛ መጠን በሚለይ የክሎሪን መለኪያ ማየት ይቻላል፤ ከቆጣሪው ላይ አግኝተውት ከሮቶው ካጡት ታንከሩ ውስጥ የሚበላው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ለልጆቹ የሚጠጡትን ውሃ ያፍሉላቸው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበዛ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ጀርሞቹን ይገድላል እንጂ የላቫጆውን ሳሙና ወይም የፀጉር ቤቱን ቀለም አያጠፋም፤ እንደ ኬሚካል የሚሸት ውሃ ከመጣ ደግሞ ለመጠጥ አይጠቀሙበት፣ የታሸገ ይግዙ። ልጆቹ ተቅማጡ ከቀጠለ፣ ደም ካለበት ወይም ከደከሙ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ስለ ውሃውም ለሐኪሙ ይንገሩ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ያንን ቀጥታ መስመር ሲያስቆርጡ ሁለቱን የቧንቧ ጫፎች እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ በክዳን ብቻ ተደፍነው አይተዉአቸው። ሥር ድረስ ተነቅለው ይውጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ሁለት ጫፎች ሃያ ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው መገጣጠማቸውን ነው።